የቀይ አምባ ሰው ምን ያምናል?

(ጎንደር ውስጥ ለወጣት ጸሐፊዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራና ከትምህርት መልስ፣ በዚህ ብርድ፣ ቤታችሁ ሳትገቡ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደፊት ኑ፤ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ።

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ አንድ ወረቀት አሳየኝ። ለሚጽፈው ልቦለድ አገር ፈጥሯል። ስሙን «የቀይ አምባ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ብሎታል። ካርታ ሠርቶለታል። ወንዝ አለው፣ ባቡር አለው፣ ባንዲራ አለው። የሚገዛው አንድ ኮሚኒስት ፓርቲ ነው። ከካርታው ሥር ደግሞ ሰንጠረዥ አለ። ሃይማኖት የለሽ 92 በመቶ፣ ክርስቲያን 5 በመቶ፣ ሙስሊም 3 በመቶ። ድምሩ መቶ።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሒሳቡ ልክ ነው። አገሩ ግን ሰው ያለበት አልመስል አለኝ። ልጁን አስፈቅጄ ነው ዛሬ ስለዚያ ሰንጠረዥ የማወራው። እኔ ለብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር እወዳለሁ። ስለምወደው ነው ያለ ቦታው ሲገባ የሚያመኝ።

ከቤታችን ልጀምር።

ግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደበት ጊዜ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ብዙም አይርቅም ነበር። ቆጣሪው ወጣት ነው። በረንዳችን ላይ ዱካ ተሰጥቶት ተቀመጠና ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አባባ ፊት ለፊቱ ቆሟል። አባባ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ ገና አልተመሠረተም፤ ፓርቲውን የሚያዋቅረው ኮሚሽን ኢሠፓአኮ ነበር። አባባ ለአባልነት ይታጫል ተብሎ ተወርቷል። ከታጨ እድገት አለ። እምቢ ካለ ደግሞ የሚመጣውን ማንም አያውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀይ ሽብር ጎንደርን እንዴት እንዳደረጋት ከእናንተ መካከል ወላጆቹ ያልነገሩት ያለ አይመስለኝም።

ስም ተጠየቀ፣ ዕድሜ ተጠየቀ፣ ቋንቋ ተጠየቀ። አባባ ቶሎ ቶሎ ይመልሳል። ከዚያ ቆጣሪው «ሃይማኖት?» አለ።

አባባ ዝም አለ። ጣሪያውን አየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ጥያቄው ምኑ እንደከበደው አልገባኝም። አያቴ እምዬ ማድ ቤት ሆና ቡና ትቆላለች። ምጣዱን ሳትለቅ ጮኸች፦ «አንተ ልጅ ምን ትጠብቃለህ? ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ብለህ ጻፍ እንጂ! ለሁላችንም!» ልጁ ጻፈ። አባባ አዎም አላለም፣ አይደለምም አላለም። ለስድስት ሰው መልስ የሰጠችው እምዬ ናት።

ሳድግ፣ በተለይ ስታቲስቲክስ ስማር፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይመላለስብኛል። እምዬ ያን ቀን ለቅሶ ሄዳ ቢሆንስ? አባባ ምን ይል ነበር? ያለው ነገር ምንም ይሁን ምን ቤታችን ውስጥ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። የእምዬ የሚካኤል ማኅበር ይደርሳል። የሚለወጠው ቅጹ ብቻ ነበር።

በዚህ ዓይን የአንድን ትልቅ አገር ቆጠራ እንየው።

ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1937 ሕዝቧን ቆጠረች። ቀኑ በፈረንጆቹ ጥር 6 ነው። ወደ እኛ ስታመጡት ታኅሣሥ 28 ይሆናል። የገና ዋዜማ! የሩሲያ ኦርቶዶክስም ገናን የሚያከብረው ልክ እንደኛ በማግስቱ ነው። አብዮቱ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተዘግተዋል። ካህናት ታስረዋል፣ ተገድለዋል። የአምላክ የለሾች ማኅበር ሚሊዮኖች አባላት አሉኝ ይላል። እንግዲህ ስታሊን ራሱ የሃይማኖት ጥያቄ ቅጹ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ አማኝ ነህ ወይስ አይደለህም፣ ከሆንክስ የየትኛው ሃይማኖት ተብሎ ተጠየቀ። ጠያቂው የመንግሥት ሰው ነው። የተጠያቂውን ስም ያውቃል፤ ቤቱንም ያውቃል። ያ ዓመት ደግሞ ሰው በሌሊት ከቤቱ የሚወሰድበት ዓመት ነው።

55 ሚሊዮን ሰው አምናለሁ አለ። 42 ሚሊዮን ሰው አላምንም አለ። ከመለሱት 57 በመቶ ያህሉ አማኝ ነን ብለዋል።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ። እምዬን አሰብኳት። 55 ሚሊዮን እምዬ!

ግን ቀስ እንበል። 57 በመቶም ቢሆን የእምነት ልክ አይደለም። አንዳንዱ መዝግበው ወደ ግዞት ይልኩኛል ብሎ ፈርቶ አላምንም ብሏል። አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ከሆንን የተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ይከፈትልናል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ፍርሃት ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ተስፋ ወደ ላይ ይጎትተዋል። የትኛው በስንት እንደጎተተ ማንም ለክቶ ሊነግረን አይችልም።

መንግሥት ውጤቱን አፈነው። ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ጠቅላላው ሕዝብ 162 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ይጠበቅ የነበረው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በረሃብ ያለቀው ሰው ከቁጥሩ ውስጥ ጎድሎ ታየ። ቆጠራው ተሰረዘ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኢቫን ክራቫል ተረሸነ። ቆጠራውን የመራው ኦሊምፒ ክቪትኪንም ተረሸነ። በትክክል ስለቆጠሩ ነው የሞቱት። እ.ኤ.አ. በ1939 እንደገና ተቆጠረ፤ የሃይማኖት ጥያቄ ግን ከቅጹ ወጥቷል። ሶቭየት ኅብረት እስክትፈርስ ድረስም አልተመለሰም። የ1937ቱ ውጤት ማኅደር ውስጥ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

ስለዚህ የቀይ አምባ ደራሲ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ይህን ሰንጠረዥ ያወጣው ማነው? 92 በመቶው የፓርቲው ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው? ወይስ አንድ ሐቀኛ ቆጣሪ መሳቢያው ውስጥ የደበቀው?

አገራችን ከሶቭየት የምትለይበት ነገር አለ። ደርግ ጠይቋል፤ ውጤቱንም አውጥቷል። በ1976ቱ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 54 በመቶ፣ ሙስሊም 33 በመቶ ገደማ፣ ፕሮቴስታንት አምስት ተኩል በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው የሰሜን አካባቢዎች እንደነበሩ አትርሱ። ሶሻሊስት ነኝ የሚል መንግሥት ነው፣ ግን 92 በመቶ ሃይማኖት የለሽ የሚል ወረቀት አላሳተመም። ለምን? ገበሬው አይሸከመውማ። ደርግ ይህን ያውቅ ነበር። ሶሻሊዝምና ሃይማኖት አይጣሉም እያለ ይሰብክ ነበር።

እጁ ግን ሌላ ይሠራ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወረዱ፣ ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። በሌላ በኩል ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት በደርግ ጊዜ ነው። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህን ሲያነሡ ሰምቼ አድጌአለሁ። ያን ዘመን የሚያስታውሱት ልክ እንደኛ አይደለም፤ ልክም ናቸው። አንድ ኮሚኒስት መንግሥት ሁሉንም ሃይማኖት በአንድ ዓይን አያይም። አንዱን ይፈራል፣ አንዱን ያባብላል፣ አንዱን «መጤ» ብሎ ያሳድዳል።

መጤ የተባሉት እነማን ነበሩ? ጴንጤ የሚባሉት። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ሰዎቹ በየቤቱ አራት አምስት እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ። ጫማ በር ላይ አይታይም፤ መዝሙር በሹክሹክታ ነው። ደርግ ሲወድቅ ስንት ሆነው ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው? 34,000። በአገር ደረጃም ፕሮቴስታንቱ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 10 በመቶ ደረሰ፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 18 ተኩል በመቶ ሆነ። ኦርቶዶክስ በዚያው ቆጠራ 43 ተኩል በመቶ፣ ሙስሊም 34 በመቶ ገደማ ነው። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ስለሌላው እምነት የምናገረው አክብሬ ነው። አንድን እምነት ስትዘጋው ቁጥሩ ዜሮ የሚሆነው መዝገብ ላይ ነው። ቀይ አምባ ውስጥም ማታ ማታ ጫማ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቤት ይኖራል። ማን ቤት እንደሆነ ደራሲው ማወቅ አለበት።

ሌሎቹን አገሮች ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ፤ አልባኒያ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ።

አልባኒያ ከሁሉም የከፋችው ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 መሪዋ ኤንቨር ሆጃ ከሁለት ሺህ በላይ መስጊዶችንና አብያተ ክርስቲያናትን አዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ሕገ መንግሥት መንግሥት ለማንኛውም ሃይማኖት ዕውቅና አይሰጥም አለ። ሕፃን አጥምቀሃል ተብሎ የተገደለ ካህን አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ስም እንዲቀየር አዋጅ ወጣ። ሃይማኖት የሚሸት ስም ያለው ሰው ስሙን እንዲለውጥ ነው። እስቲ አስቡት፤ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ አብዱልቃድር የሚባል ሰው ቀበሌ ተጠርቶ ስምህን ቀይር ሲባል። ጎንደር ውስጥ ስንቱ ስሙን ያጣል? በዚህ ስሌት በአልባኒያ ከሃያ ዓመት በላይ አማኝ ዜሮ፣ አምላክ የለሽ መቶ መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቆጠር ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ በክታሺ የሚባለው የሱፊ ማኅበር ተከታይ ሁሉም አለ። አምላክ የለሽ ነኝ ያለው 2.5 በመቶ ነው። 14 በመቶ ያህሉ ደግሞ ጥያቄውን አልመልስም አለ። እኔን የሚይዘኝ ያ 14 በመቶ ነው። አገዛዙ ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎም ሃይማኖቱን ለቆጣሪ መንገር የማይፈልግ ሰው አለ። ምክንያቱ የየራሱ ነው። ሰንጠረዣችሁ ውስጥ ዝም ላለ ሰውም መስመር ይኑረው።

ምሥራቅ ጀርመን ተቃራኒዋ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል የቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1954 ለ14 ዓመት ልጆች የራሱን ሥርዓት አመጣ። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ፋንታ በመንግሥት መድረክ ላይ ቃል ይገባል። ያልገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይከብደዋል። በቃ። ጥይት ብዙም አላስፈለገም፤ የልጅ ትምህርት በቂ ነበር። ዛሬ፣ የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ በዚያ አካባቢ አብዛኛው ሰው ሃይማኖት የለውም። ከልቡ የለውም። ፖላንድ ደግሞ ጎረቤቷ ሆና፣ ኮሚኒስትም ሆና፣ ካቶሊክ እንደሆነች ኖረች።

ይህን የምላችሁ ለፍትሕ ብዬ ነው። ሃይማኖት የለኝም ያለ ሁሉ ፈርቶ የዋሸ አድርገን መሳል የለብንም። በአብዮቱ ዘመን ከልባቸው እምነታቸውን የተዉ ወጣቶች ነበሩ። አንድ አጎቴ እንዲህ ነበር። መስቀል አይሳለምም፤ ድሃ ግን ደጁ ላይ አይቆምም፣ አስገብቶ ያበላዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላም አልተመለሰም። እምዬ እያለቀሰች ትወደው ነበር። ቀይ አምባ ውስጥ የእሱም ቤት ይኑር፤ በክብር ይሣል።

ቬትናም ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ቆጠራዋ 86 በመቶው ሕዝብ ሃይማኖት የለኝም ብሏል። ግን ቤት ብትገቡ የሙታን ወላጆች ፎቶ አለ፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ፍራፍሬ ይቀርባል። ሰዎቹ አልዋሹም። ቅጹ «ሃይማኖት» ሲል በመንግሥት ዕውቅና ያገኘ ድርጅት ማለቱ ነው። ለአያቶች ዕጣን ማጨስ እነሱ ዘንድ ሃይማኖት አይባልም፤ ቤተሰብነት ነው። ስለዚህ የቀይ አምባ ቋንቋ «ሃይማኖት» ለሚለው ቃል ምን ትርጉም አለው? ደራሲው ይህን ካልወሰነ መቶኛው ሁሉ ባዶ ነው።

እሺ፣ ቅጹ የማይነግረንን ከየት እናገኛለን? እኔ ቀበሌ እሄዳለሁ። የጋብቻ መዝገቡን አስወጣለሁ። እኛ አገር ሠርግ መቼ ነው? ጥር። ከፋሲካ በኋላም አለ። በዐቢይ ጾም ግን ማን ይደግሳል? ፓርቲው ሃይማኖት ጠፍቷል ብሎ በጋዜጣ ቢጽፍም፣ የጋብቻ መዝገቡ ላይ መጋቢት ባዶውን ከሆነ ሕዝቡ ሁዳዴን እየጾመ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በራሱ ማኅተም መስክሯል። ይህ ተረት አይደለም። የአውሮፓን የድሮ መዛግብት ያጠኑ ሰዎች የጾም ወራትን ከሠርግ ቁጥር ለይተው ያነባሉ። ከዚያ ወደ ሥጋ ቤት እሄዳለሁ። ዓርብ ስንት በሬ ታረደ? ቅዳሜስ? የሙስሊሙን ሰፈር ሥጋ ቤት ለብቻ እጠይቃለሁ፤ ጾሙ የራሱ ወር አለው፣ ጨረቃን ተከትሎ በየዓመቱ ይዞራል። ከዚያ የልጆች ስም። በአብዮቱ ሰሞን ስንት «አብዮት»፣ ስንት «ትግል» ተወለደ? እነዚያው ልጆች የክርስትና ስማቸው ማነው?

ክርስትና ካልኩ አይቀር። የኔ ታናሽ ወንድም በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አባባ «አልሰማሁም» ነው ያለው። እምዬ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ወጣች። ድግስ የለም፣ ዘመድ አልተጠራም። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል፤ በቅዳሴ ሰዓት። አባባ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ እጁን አወጣ፣ መፈክር አሰማ። ቤት ሲመጣ ግን ልጁን አንሥቶ ግንባሩን ሳመው፤ የሜሮኑ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። እኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ከጎንደር ሳልጨምር አላልፍም። ወለቃን ታውቃላችሁ፤ ከከተማ ወጣ ስትሉ በመንገዱ ዳር። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ወጡ፤ በግንቦት 1983 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ዛሬ ወለቃ ላይ የዳዊት ኮከብ የተሣለበት ቤት ታገኛላችሁ፤ ባለቤቶቹ ግን የሉም። ሰዎቹ እምነታቸውን አልተዉም፤ ይዘውት ሄዱ። የአንድ አገር የሃይማኖት ቁጥር ሲቀንስ ሁልጊዜ ሰው ስለካደ አይደለም። ስንት ሰው ተሰደደ? ድንበር የሚያሻግረው ማነው? ቀይ አምባም ባዶ ቤቶች ያስፈልጓታል።

ወደ አባባ ልመለስና ላብቃ። ደርግ ወደቀ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. እንደገና ቆጠራ መጣ። እምዬ አርፋለች። እኔ ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ነኝ፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባባ ከጓዳ የቆጣሪዋን ድምፅ ሲሰማ ነጠላውን እያስተካከለ ወጣ። ገና ስሙን ሳትጠይቀው «ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ» አላት። ልጅቷ ደንግጣ «አባቴ፣ መጀመሪያ ስምዎን» አለች። በ1976ም በ1987ም ቅጹ ላይ የተጻፈው መልስ አንድ ነው። ሁለቱን ቀን ያየሁት እኔ ግን አንድ ነው ማለት አልችልም።

አሁን ወረቀት አውጡ። ያችን የቀይ አምባ ሰንጠረዥ እንሠራለን። ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ሰውየው ለቆጣሪው ያለውን ጻፉ። በሁለተኛው ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን። በሦስተኛው ፓርቲው ያሳተመውን። በመቶኛ አትጀምሩ። አንድ ሰፈር ምረጡ፤ አሥር ቤት ይበቃል። ስለ እያንዳንዱ ቤት ይህን ወስኑ፦ ቆጣሪው ሲመጣ ማን አለ፣ ማን ወጥቷል፣ ማድ ቤት ውስጥ ያለው ማነው። ሃያ ደቂቃ አላችሁ። ሰንጠረዡን የሠራኸው ልጅ፣ አንተ ከእኔ ጋር ተቀመጥ፤ የመጀመሪያውን ቤት አብረን እንሥራ።